አሸዋ የማትልክ ከተማ

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የጀመረው። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ በላስቲክ የተሸፈነ ኮት በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ኮቱ የአለቃዬ የእትዬ አልማዝ ነበር። ተቀበልኳቸው፤ እሳቸው ግን አልወጡም። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ትልቅ የመርከብ ፖስተር ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩት ጀመር።

«ይሄ መርከብ ወደብ ላይ ነው የቆመው» አሉ።

«አዎ» አልኩ፤ እንኳን እሳቸው እኔም ድምፄን በደንብ አልሰማሁትም።

«ታዲያ እነዚህ ሰዎች እላይ ወጥተው ምን ይሠራሉ?» ሰገነቱ ላይ ከመዋኛው ዳር የተንጋለሉትን በጣታቸው አሳዩኝ። «መርከብ ወደብ ላይ ሲቆም ባዶውን ነው፣ ልጄ። ተሳፋሪ ሁሉ ከተማ ሊያይ ይወርዳል። የሚቀረው ሠራተኛ ነው።»

ይህን ብለው ወጡ። ፖስተሩን ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ብዬ አስቤ ግን አላውቅም።

ከጋሼ ደምሴ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። አሁን የሉም። ማረፋቸውን የሰማሁት የሩቅ አገር ወደብ ላይ ሳለሁ፣ እሳቸው ሲያወሩልኝ ከኖሩት ከተሞች ወደ አንዷ ልሳፈር ስል ነው። በጊዜው ለማንም ብዙ አልተናገርኩም፤ መናገር አይሆንልኝም። መጻፍ ይሻለኛል።

የጉዞ ቢሯችን ከሰባተኛ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤቱ ላይ የጋሼ ደምሴ ላውንደሪ ነበር። የቱሪዝም ትምህርቴን በጥሩ ውጤት ጨርሻለሁ፤ ሥራ ከጀመርኩ ግን ገና ሁለት ወር ነበር፣ ስልክ ሲጠራ አላነሳም። ለደንበኛ መደወል ሲኖርብኝ መልእክት እጽፋለሁ። እትዬ አልማዝ «አንቺ ልጅ፣ መርካቶ ውስጥ በሹክሹክታ የሚሸጥ ነገር የለም እኮ!» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ከቁጣቸው ሸሽቼ ምድር ቤት እወርዳለሁ።

የጋሼ ደምሴ ቤት ጠባብ ነው። ሁለት ማሽን፣ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የልብስ ጫካ፣ ካውያ የሚያደርጉበት ጠረጴዛ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ደንበኛ የሚቀበሉበት ባንኮኒ። ባንኮኒው ላይ ሁልጊዜ ትንንሽ ፖስታዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ቬንትሌተሩ እንዳይበትናቸውም እንቁላል የምታክል ግራጫ ድንጋይ ይጭኑባቸዋል። ድንጋይዋ ልሙጥ ናት፤ ወገቧ ላይ ነጭ ቀለበት አላት።

ፖስታዎቹ የእሳቸው ደንብ ናቸው። ልብስ ሲቀበሉ መጀመሪያ ኪሱን ይፈትሻሉ። የተገኘው ሁሉ፣ ቁልፍም ይሁን ደረሰኝ፣ የማስቲካ ወረቀትም ቢሆን፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ይታሸጋል፤ የባለቤቱ ስም ይጻፍበትና ልብሱ ታጥቦ ሲመለስ በስፒል ኮሌታው ላይ ይያያዛል። ወረቀት ከሆነ አጥፈው ያስገቡታል እንጂ አያነቡትም። አንድ ቀን የአንድ ነጋዴ ሚስት የባሏን ኮት ልትወስድ መጣችና ፖስታውን ወደ ብርሃን አንስታ ለማየት ሞከረች።

«ጋሼ ደምሴ፣ እንደ እህትዎ ይዩኝ። ምን የሚል ወረቀት ነው?»

«እኔ የማነበው ልብስ ነው፤ ወረቀት አላነብም።»

«እሺ ልብሱ ምን ይላል?»

ኮሌታውን አሸተት አደረጉ። «ባልሽ ሐኪም የከለከለውን ጥሬ ሥጋ በልቷል ይላል።»

ሴትዮዋ እየሳቀች፣ «ዛሬ ያገኘኛል!» እያለች ሄደች። ፖስታው ሳይከፈት አብሯት ሄደ።

ልብስ አነባለሁ ማለታቸው ቀልድ አልነበረም። አንድ ሱሪ ገልብጠው ጠርዙን በጣታቸው ያሹና «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምናለሽ ተራ ነው የዋለው፤ የብረት ዝገት አለበት» ይላሉ። ሌላውን «ቅመም ተራ፤ እርድ ነው፤ ይሄ መከራዬን ነው የሚያበላኝ» ይላሉ። ከዚያ ሳይታወቃቸው ወደ ባሕሩ ይሻገራሉ። በወጣትነታቸው ከአሰብ ተነስተው በጭነት መርከብ ሄደዋል፤ በኋላም ሽርሽር የሚወጡ ሀብታሞችን ከወደብ ወደብ በሚያዞር ትልቅ መርከብ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ «ካፒቴን» የሚሏቸውም ለዚህ ነው። ስሙን አይወዱትም ነበር። «ካፒቴን!» ሲሏቸው ጣታቸውን ወደ ጣሪያ ቀስረው «ካፒቴኑ ላይ ነው ያለው» ይላሉ። ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔር ይመስለውና «እውነትዎን ነው» ብሎ ያልፋል።

ስለ ከተሞቹ ሲያወሩ እንደ ማንም አያወሩም። ዩኒቨርሲቲ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ስለ ግንብና ስለ ነገሥታት ነው የሚያትቱት። ጋሼ ደምሴ ግን «ከሳንቶሪኒ የሚመጣው አሸዋ ጥቁር ነው፤ የተፈጨ ከሰል ይመስላል፤ ነጭ ፎጣ አበላሽቶ ያስለቅስሻል» ይላሉ። የሮድስ አሸዋ ቢጫና ደቃቅ ነው። ናፖሊ ደርሶ ሸሚዙን ሱጎ ያላስነካ ሰው የለም። ኢስታንቡል ድልድዩ ሥር የሚጠበስ አሳ አለ፤ ጢሱ ሱፍ ልብስ ውስጥ ከገባ ሦስት እጥበት ነው የሚፈልገው። ዱብሮቭኒክ መንገዱ ሁሉ ልሙጥ ድንጋይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተዙሮበት እንኳ የሱሪ ጫፍ አይቆሽሽም።

ይህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ቀስ በቀስ ለደንበኞች የማዘጋጀው መግለጫ ተለወጠ። እትዬ አልማዝ አንብበው «ይሄን ከየት አመጣሽው? ሰው ልሂድ ልሂድ እንዲል ያደርጋል እኮ» አሉኝ።

አንድ ከተማ ብቻ አልገባቸውም ነበር፤ ኒስ። «ሰዎቹ ባሕር ገብተዋል» ይሉኛል። «ጨው አለ፤ የፀሐይ ቅባት አለ፤ ዋና ልብሱ እርጥብ ነው። አንዲት ፍሬ አሸዋ ግን የለም! አሸዋ የማትልክ ከተማ እሷ ብቻ ናት። ምን ላይ ነው የሚተኙት?»

«ኢንተርኔት ላይ ልየው፣ ጋሼ?»

«እንዳታዪው!» እጃቸውን አነሱ። «በዓይኔ እስካየው ይቆይልኝ።»

ያኔ ነገሩ ግር ብሎኝ ነበር። ኒስ አሥራ አንድ ዓመት የተመላለሱባት ከተማ አይደለችም እንዴ? ሽማግሌ የተናገረውን መመርመር ግን ነውር ስለመሰለኝ ሌላ ወሬ አነሳሁ።

እኔንም ሳልነቃ አስተማሩኝ። ቅዳሜ ላውንደሪው በሰው ይጨናነቃል። አንድ ቅዳሜ ከፖስታዎቹ ጋር እየታገሉ «ልጄ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ፤ ስም ጥሪልኝ» አሉኝ። በር ላይ የቆመው ሰው ብዙ ነው፤ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ተሸካሚው። የመጀመሪያውን ስም ስጠራ አንድ ሰውዬ «እናንተ፣ ድመት ነው የጮኸው?» አለና ሳቁብኝ። ጋሼ ደምሴ ካውያቸውን አስቀምጠው «ድመትዋ ደግማ እስክትጠራ ልብስ የለም» አሉ። ደግሜ ጠራሁ። ለአራት ቅዳሜዎች ያህል መነጽራቸውን ረሱ። በአምስተኛው ድምፄ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ደረት ኪሳቸው ውስጥ መነጽራቸውን አየሁት። እንዳየሁ አዩ፤ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑት።

ሐጂ ሰይድ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ሐጅ አድርገዋል፤ ከዚያ ውጭ ከአገር ወጥተው አያውቁም። ልጆቻቸው የመርከብ ሽርሽር ስጦታ አድርገውላቸው ነበር። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ከነሚስቶቻቸው አክለው ስድስት ሆኑ።

«ቅድመ ሁኔታ አለኝ» አሉ ሐጂ፣ ከእትዬ አልማዝ ጠረጴዛ ፊት ተዘርግተው ተቀምጠው። «ካፒቴን ደምሴ ካልመራን አንሄድም። ከተማ ደርሼ እንደ ጠፋ በግ መንከራተት አልፈልግም።»

እትዬ አልማዝ ዓይናቸው በራ። የጋሼ ደምሴን የጉዞ ወጪ ቢሮው ሊሸፍን ተስማሙ፤ እኔም ወረቀቱን እንድጨርስና እንድረዳቸው አብሬ እንድሄድ ተወሰነ። እየሮጥኩ ምድር ቤት ወርጄ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ጢስ እስኪሸተኝ ድረስ አላነሱትም። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልብስ አላቃጠልኩም ይሉ የነበሩት ሰው የዚያን ቀን አቃጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓስፖርታቸውን ስጠይቃቸው «ነገ» ይላሉ። ሐጂ በመንገድ ሲያገኟቸው «ካፒቴን፣ ሮም ላይ ምን አዘጋጀህልን?» ሲሏቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ደግሞ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የየቀኑን ፕሮግራም ከደብተሬ እየገለበጥኩ አዘጋጃለሁ። ኢስታንቡል፣ ሮድስ፣ ሳንቶሪኒ፣ ናፖሊ፣ ሮም፣ ኒስ። ሮም ላይ ደብተሬ እንዲህ ይላል፦ «ከመርከብ ስትወርጂ እዚያው ነው። በእግር።» ለጥንቃቄ ከመርከቡ ድርጅት ከመጣው ወረቀት ጋር አስተያየሁት። መርከቡ የሚቆምበት ወደብ ከሮም በአውቶብስ አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል።

ስህተቱ የእኔ ይሆናል ብዬ ወረድኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሮም ከወደቡ በእግር ስንት ደቂቃ ይሆናል?»

«እዚያው ነው አልኩሽ እኮ። መሰላሉን እንደወረድሽ።»

ወረቀቱን በእጄ ይዤ ነበር፤ ልደብቀው ስሞክር አዩት። ካውያውን አጠፉ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሮም ባሕር ዳር አይደለችም እንዴ?»

ድምፃቸውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ራሴን ነቀነቅሁ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ለማንም ያልተናገሩትን ነገሩኝ።

ከአሰብ ይዟቸው የሄደው የጭነት መርከብ ግሪክ አገር ተሸጠ። ሠራተኛው ሲበተን ጋሼ ደምሴ በአንድ ሰው አማላጅነት የሽርሽር መርከብ ላይ ሥራ አገኙ፤ ልብስ እጥበት ክፍል። ክፍሉ ከመርከቡ ሁሉ በታች፣ ከውኃው ወለል ሥር ነው፤ መስኮት የለውም። በዚያው ሰሞን የባሕረኛ መታወቂያ ደብተራቸው ጊዜው አለፈ። አገር ቤት ነገር ተለዋወጠ፤ ደብተሩን የሚያድስላቸው ጠፋ። ያለ ደብተር ምድር የረገጠ ይባረራል። ቤታቸው ደግሞ እጃቸውን የሚጠብቁ አምስት ታናናሾች ነበሩ። ስለዚህ አልረገጡም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ከተማ አልወረዱም። በመጨረሻ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ከመርከቡ ሥር በፖሊስ መኪና ተቀብለው ቀጥታ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሷቸው። የመኪናው መስኮት ሽቦ ነበረው።

«ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ 'ዛሬ ሮም' ብለው ይለጥፋሉ» አሉ። «ማታ ከኪስ የሚወጣው ትኬት ሮም ይላል። መሐል ላይ አውቶብስ መኖሩን እኔ በምን ልወቅ? እኔ የማውቀው ከኪስ የወጣውን ነው።»

«ግን ወርጃለሁ ብለው አያውቁም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ደብተሬን በልቤ አገላበጥኩ፤ አንድም ቦታ «አየሁ» አላሉም። ሁሉም «ከዚያ የሚመጣው» ነበር።

«ሰው ወርዷል ሲል ዝም ብያለሁ። ዝምታውም ያው ነው።» ድንጋይዋን ከፖስታዎቹ ላይ አንስተው በእጃቸው አገላበጧት። «ይቺ ከአንድ ትንሽ ልጅ ቁምጣ የወጣች ናት። ልመልስለት ስል ቤተሰቦቹ ወርደው ሄደዋል። ልጅ የትም ድንጋይ ያነሳል፤ ከየት እንዳነሳት አይታወቅም። ሰው የረሳውን ስሰበስብ ኖርኩ፣ ልጄ። አስቦ የተወልኝ ሰው አንድም አልነበረም።»

እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም፤ «እንግዲያው ይሂዱ፣ ጋሼ። ከተማውን እኔ እመራለሁ፤ እርስዎ ያያሉ» አልኩ።

ኮታቸውን ለብሰው በሩን ዘጉና «ነይ» አሉኝ። መንገዱን ተሻግረን ሐጂ ሰይድ ሱቅ ገባን። ወይዘሮ ዘይነባ ነበሩ፤ ደንበኞችም ነበሩ። ጋሼ ደምሴ ሰው እስኪወጣ አልጠበቁም።

«ሐጂ፣ ካፒቴን አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ታች ሆኜ ልብስ ነው ያጠብኩት። አንዱንም ከተማ አልረገጥኩም። ልመራችሁ አልችልም።»

ሐጂ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ላይ አወረዱ።

«ሮምንም?»

«ሮም በእግር ይደረሳል ብዬ ነበር። በአውቶብስ ነው አሉ።»

ሐጂ መጀመሪያ ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም፤ ከጨርቁ ጥቅል ላይ ተደግፈው ሳቁ። «ወይ ደምሴ! በእግር ልትፈጀን ነበር?» ዓይናቸውን ጠርገው ደግሞ ኮስተር አሉ። «ስማ። እኔ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጥኩ፤ ጨርቅ ሲሠራ አንድ ቀን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን ዳስሼ የቱ አገር እንደተሠራ እነግርሃለሁ። ታዲያ አታውቅም ሊሉኝ ነው?»

«አያምታቱብን፣ ሐጂ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ ከውስጥ። «ይምጡና አብረውን ይዩ። ስድስት የማናውቅ ሰባት የማናውቅ ብንሆን ምን አለበት? ይቺ ልጅ አለችን።»

በማግስቱ ፓስፖርታቸውን አመጡልኝ። ከዚያ በኋላ የነበረው ወር ከወሮች ሁሉ የሚሻል ሳይሆን አይቀርም። ቪዛው ወጣ። አዲስ ጫማ ገዙ፤ ላውንደሪው ውስጥ እየተራመዱ ያላምዱት ነበር። «ከመርከብ የምወርድበት ነው» ይላሉ። ደንበኛ ሁሉ «የት ሊወርዱ?» ሲላቸው አንድ መልስ ነበራቸው፤ «ሁሉም ጋ።»

ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ አውሮፕላን አይሆንም አላቸው። ሄጄ ስጠይቃቸው ላውንደሪው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አዲሱን ጫማ አድርገዋል።

«አየሽ፣ እንደ ድሮው ነው። አትወርድም ተባልኩ» አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «እኔም እቀራለሁ» አልኩ።

«ስድስት ሰው ይዘሽ?» ተቆጡ፤ ሲቆጡኝ የመጀመሪያቸው ነው። ከተንጠለጠለው መሐል ስድስት ኪስ ያለው ካኪ ጃኬት አወረዱ። ለራሳቸው ያሰፉት ነበር። «ይሄን ለብሰሽ ውረጂ። የደረስሽበትን ሁሉ ኪሱ ይያዘው። እንዳታሳጥቢው፤ እንዳታራግፊውም። እንዳለ አምጪልኝ። እኔ አነበዋለሁ።» በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ኒስን ደግሞ በደንብ እዪልኝ።»

ጃኬቱ ትከሻዬ ላይ ይሰፋል፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። ኢስታንቡል ድልድዩ ሥር አሳ በላን፤ የከሰሉ ጢስ እስኪገባበት ሆን ብዬ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። ሮድስ ላይ ቢጫ አሸዋ፣ ሳንቶሪኒ ላይ ጥቁር አሸዋ ኪሴ ገባ። ናፖሊ ላይ ሐጂ ሰይድ ፓስታቸውን አንስተው «ነይ፣ ደምሴ እንዳይታዘበን» ብለው እጅጌዬ ላይ አንድ ጠብታ ሱጎ አስነኩኝ፤ ወይዘሮ ዘይነባ «ሰውዬው አበዱ!» አሉ። በየወደቡ መሰላሉ ሥር ቆሜ ስም እጠራለሁ። የሌላ አገር ጎብኝዎች ዞር ብለው ያዩኛል። አላፍርም ነበር አልልም፤ ግን እጠራለሁ።

ወደ ሮም የሚወስደው አውቶብስ አንድ ሰዓት ተኩል ሲነዳ ሐጂ በየአሥር ደቂቃው «በእግር ነው!» እያሉ አውቶብሱን በሳቅ አናወጡት። ትኬቱን በአምስተኛው ኪስ አስቀመጥኩ። ይህን ሳወራላቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም መርከቡ ጋ ስንመለስ የሐጂ ስልክ ጠራ። ከመርካቶ ነበር። ካዳመጡ በኋላ ስልኩን ቀስ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መናገር አላስፈለጋቸውም። ሌሎቹ እስኪሰሙ መሰላሉ ሥር ቆምን። ወይዘሮ ዘይነባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ትከሻዬን አቀፉኝ። ጋሼ ደምሴ ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። ጫማውን አድርገው እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ኒስ ደረስን። መርከባችን ከትልልቆቹ ስላልነበረ እስከ ከተማው ወደብ ድረስ ገባ። ሰዎቼ ቁርስ ላይ ሳሉ ጃኬቱን ለብሼ ብቻዬን ወረድኩ። ብቻዬን የውጭ አገር መንገድ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ኒስ በእግር ናት። ወደቡን ዞሬ፣ ኮረብታውን ታክኬ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሄድኩና ባሕሩ ዳር ደረስኩ።

አሸዋ የለም። ዓይኔ እስከሚደርስበት ድረስ ድንጋይ ነው፤ ግራጫ፣ ልሙጥ፣ እንቁላል እንቁላል የሚያካክል። አንዳንዱ ወገቡ ላይ ነጭ ቀለበት አለው። ማዕበሉ ሲመለስ ድንጋዮቹ እርስ በርስ እየተንከባለሉ ይንሿሿሉ። የእሳቸው ድንጋይ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ባንኮኒያቸው ላይ በፖስታዎቹ ላይ ተጭና የኖረችው፣ በእጃቸው የሚያገላብጧት ድንጋይ ከዚህ ነበር የመጣችው። ኒስ ልካላቸው ነበር፤ አላወቁም እንጂ።

እዚያው ተቀመጥኩ። ለቅሶዬን ማንም አላየውም። ከዚያ ቀለበት ያላትን አንዷን መርጬ ስድስተኛው ኪስ ውስጥ ከተትኩና ተመለስኩ።

ክፍሌ ውስጥ ከጠረጴዛው መሳቢያ የመርከቡን ፖስታዎች አወጣሁ። ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ጥቁሩን አሸዋ፣ ቢጫውን፣ የኢስታንቡልንና የናፖሊን የምሳ ደረሰኞች፣ ድንጋይዋን ለየብቻ በየፖስታው አደረግኩ። የሮሙን ትኬት ለራሴ ላስቀር ብዬ ለየሁት፤ ትንሽ ቆይቼ እሱንም ጨመርኩት። በየፖስታው ላይ በሰው ስም ፋንታ የከተማውን ስም በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የሮሙ ላይ «ከወደቡ በአውቶብስ አንድ ሰዓት ተኩል»፣ የኒሱ ላይ «የባሕሩ ዳር ሁሉ እንዲህ ነው» ብዬ ጨመርኩ። ሁሉንም በስፒል ጃኬቱ ኮሌታ ላይ አያያዝኳቸው። በአንዲት ቁራጭ ወረቀትም በዚያው በቀላል እንግሊዝኛ፣ ታች ላለ ለማላውቀው ሰው ጻፍኩ፦ «ይህ ተረስቶ የቀረ አይደለም። ለሚያጥበው ሰው ነው።»

ጃኬቱን በልብስ እጥበት ከረጢት አድርጌ በክፍሌ በር ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወደ መሰላሉ ወርጄ የሰዎቼን ስም መጥራት ጀመርኩ።